ወይን ጠጁ ቀበቶ

ማክሰኞ፣ ለትርኢቱ 39 ቀን ሲቀረው

መምህራችን ዛሬ ሕጉን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፤ «ከዚህ በፊት ልብስ ሆኖ የማያውቅ ነገር»። ጨርቅ የለ፣ ቆዳ የለ፣ ሱፍ የለ። የልብስ ዲዛይን ተመራቂዎች አሥራ አንድ ነን። እያንዳንዳችን አንድ ልብስ ሠርተን ትርኢቱ ላይ ሰው አልብሰን እናሳያለን። ያላሳየ አይመረቅም። ይሄንንም አሰመረችበት።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሚሊሜትር (ስሟ አይደለም፤ ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ያወጣንላት ነው) ከእንቁላል መያዣ ካርቶን ቀሚስ ልትሠራ ነው። «የዛን ቀን ከዘነበ ሊጥ ለብሳ የምትሄድ ሴት ታያላችሁ» አለችና ክፍሉን አሳቀችው።

እኔ ካፖርት ነው የምሠራው፣ ከመኪና መቀመጫ ቀበቶ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ የተጋጩ መኪኖች የሚከማቹበት ግቢ አለ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ከሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ ሁሉም ጋሽ ቁልፍ ነው የሚላቸው። ለምኜ ለምኜ እሺ አሉኝ።

«ከኋላው ረድፍ ብቻ ነው ታዲያ፣ ልጄ። እነዛ መጨፍለቅ የተፈረደባቸው ናቸው። የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ግን ጉዳያቸው ገና ፖሊስ ጋ ነው። እነሱን እንኳን መቁረጥ አቧራቸውንም እንዳትነኪ። አደራ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ፣ ጋሼ» አልኩ።

ሐሙስ፣ 37 ቀን

ዝናብ። አሥራ አራት ቀበቶ። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ሁለት ቡኒ። አንድ ወይን ጠጅ። ሁሉም ከኋላው ረድፍ። ጋሽ ቁልፍ ዝናቡን ፈርተው ከዘብ ቤታቸው አልወጡም። ወይን ጠጁን ስቆርጥ እጄ ተንቀጥቅጦ ጫፉ ሰያፍ ሆነብኝ። ብርዱ ነው።

ሰኞ፣ 33 ቀን

አክስቴ ናት ያሳደገችኝ፤ ቤት ውስጥ የሰው ልብስ እየሰፋች። በኛ ቤት «መኪና» ሲባል የስፌት መኪናዋ ነው፤ ሌላ መኪና ኖሮን አያውቅም። ዛሬ ያቺ መኪና ስድስት መርፌ ሰበረች።

«ይሄ ነገርሽ ጨርቅ ነው ብረት?» አለች አክስቴ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ያልሰበርኩትን አንቺ በአንድ ቀን ጨረስሽው።»

ወይን ጠጁን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። አንድ ቦታ ላይ፣ ስንዝር በሚያህል ርዝመት፣ ክሩ ተስቦ የሚያብረቀርቅ መስመር አለው። እኔ የወደድኩት እሱን ነበር፤ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃ ይመስላል። መነጽሯን አድርጋ አውራ ጣቷን አስኬደችበት።

«ካውያ ነክቶታል?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው ያገኘሁት።»

«እንዲሁማ አይሆንም። ይሄ ተጎትቷል። ከባድ ነገር በአንድ ጊዜ ነው የጎተተው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ከየት ነው ያመጣሁት ያልሽኝ?»

«ከኋላው ረድፍ።»

ስለ ረድፍ አልጠየቀችኝም ነበር። ግቢው ውስጥ ረድፍ ይኑር አይኑር እንኳን አታውቅም።

ረቡዕ፣ 31 ቀን

መምህሯ ካፖርቱን ማኒኪኑ (የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት) ለብሶት አየችው። ወይን ጠጁን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ዳሌ ነው ያወረድኩት፤ ኮሌታውንም በትራፊው ጠርዤዋለሁ። ሌላው ሁሉ ጥቁርና ግራጫ ነው። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረች።

«ይሄ መስመር ባይኖር ይሄ ካፖርት የጆንያ ዘመድ ነበር» አለች። «መክፈቻውን አንቺ ታደርጊዋለሽ። ትርኢቱ ባንቺ ይጀምራል።»

ሚሊሜትር እልል ብላ አቀፈችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ፣ 22 ቀን

ጠዋት። ግቢው በር ላይ የፖሊስ መኪና። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጓንት አድርጎ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ የቆመ ነጭ ታክሲ ላይ አጎንብሰዋል። በሩን ከፈቱ። ፎቶ አነሱ። ቆሜ አላየሁም፤ ሳልፍ ነው ያየሁት።

ሦስት ጊዜ አለፍኩ።

እሑድ፣ 20 ቀን

ትናንት ከሰዓት ጋሽ ቁልፍ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከግቢያቸው ውጪ አይቻቸው አላውቅም። ያለ ቁልፍ ዘለላቸው ትንሽ ሰው ናቸው ለካ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቄሽ ልሂድ። ከኋላው ብቻ ነው የቆረጥሽው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ እኮ። እንዲያው ለልቤ ነው።»

ከዛ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ነጩ ታክሲ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ተሳፋሪ ሞቷል። ሹፌሩ ተርፎ እስር ላይ ነው። ሰውየውን ቀበቶ ያሰርኩት በገዛ እጄ ነው እያለ ይምላል። መርማሪዎቹ መኪናውን በደንብ የፈተሹት ግን ገና ዓርብ ዕለት ነው፤ የተሳፋሪው ቀበቶ የለም። ተቆርጧል። ቁራጩ ቀበቶው በሚጠቀለልበት የመኪናው ጎን ምሰሶ ውስጥ ቀርቷል። ዐቃቤ ሕጉ «ቀበቶው ተበላሽቶበት ቆርጦ ጥሎታል፤ እያወቀ በዛ ወንበር ሰው ጭኖ ገደለ» ሊል ነው።

«ግቢው ውስጥ ሰው ገብቶ ነበር ወይ አሉኝ። ማንም አልገባም አልኩ። ፈረምኩ። አንቺን ምን ብዬ በነገር ውስጥ አስገባሻለሁ? የቆረጥሽው ከኋላው ነው። ሰው አስገብቻለሁ ካልኩ ደግሞ ለጡረታዬ ሦስት ወር ሲቀረኝ ያባርሩኛል።» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «በርቺ። ለትርኢቱ ትጠሪኛለሽ።»

እሺ አልኳቸው። እሺ!

አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። «ሁሉም ከኋላው ረድፍ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ በራሴ እጅ። ይሄን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። ታዲያ ማንን ነው የዋሸሁት?

የዛን ቀን ዝናቡ ሲጠነክር መጠለያ ፍለጋ ወደ ፊት ሮጥኩ። የታክሲው የፊት በር ተጣሞ ተከፍቶ ነበር። ቀለሙ ነው የጠራኝ። መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዝናቡ አጥቦታል፣ ግን ይነበብ ነበር። «እንዳይነካ» ይላል። አንብቤዋለሁ። ሳብ አድርጌ ከምሰሶው አፍ ላይ ቆረጥኩት፣ ከታችም ቆረጥኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ልናገር ብል ጋሽ ቁልፍ በሐሰት የፈረሙ ይሆናሉ። ዝም ብል ሹፌሩ...

ማክሰኞ፣ 18 ቀን

ወደ ግቢው ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። አጥሩ ጋ አንዲት ሴት ቆማ በሽቦው መሀል የፊተኛውን ረድፍ ታያለች። የምግብ ሳህን የታሰረበት ፌስታል ይዛለች።

«እዚህ ነው የምትሠሪው?» አለችኝ።

«አይ፣ ተማሪ ነኝ። ከጀርባ ያለው ትምህርት ቤት።»

«ነጩ የባሌ ነው። እስር ቤት ምግብ ከማድረሴ በፊት በዚህ ነው የማልፈው። ምን እንደማይ እንጃ። ጥበቃውን ሰልችቻቸዋለሁ፤ ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም።»

መሄድ ነበረብኝ። እግሬ እንቢ አለ።

«ቀበቶ ነበረው» አለች፣ እኔን ሳይሆን መኪናውን እያየች። «ዓምና ሁሉንም ሲያስቀይራቸው ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወይን ጠጅ። ‹ታክሲ ነው ወይስ ሙሽራ ልድር ነው?› ብሎ ስቆብኛል። ይኸው የሱም የኋላዎቹም አሉ፤ ያ አንዱ ብቻ ነው የሌለው። አንዳንዴ ሳስበው፣ ሳይነግረኝ ቆርጦት ይሆን እላለሁ። ይሄን ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል።»

ቦርሳዬ ውስጥ ለማስተካከል የፈታሁት የካፖርቱ ኮሌታ ነበር፣ በወይን ጠጁ ትራፊ የተጠረዘው። ዚፑ መዘጋቱን በእጄ ፈተሽኩ። አንዴም አይደለም።

«ምነው ትንቀጠቀጫለሽ? አሞሻል እንዴ?» ሻርፗን ከአንገቷ ማውለቅ ጀመረች። «እንኪ፣ ጣል አድርጊው። እኔ ሙቀታም ነኝ።»

ሮጥኩ። ሰው እንደዛ ደግ ሲሆንልኝ ሮጥኩ።

ሐሙስ፣ 16 ቀን

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ፖሊሶች። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ። ሚሊሜትር መጥታ በሩን ደበደበች።

«የጠፋ ላፕቶፕ ሊጠይቁ ነው የመጡት፣ ሄደዋል። አንቺ ምን ሆነሽ ነው? እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ! ሰረቅሽ እንዴ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ራሴ ስሰማው የሌላ ሰው ሳቅ መሰለኝ።

ሰኞ፣ 12 ቀን

ካፖርቱ አለቀ። ማኒኪኑ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ነው የሚቆመው፤ ቤታችን ጠባብ ነው፣ ሌላ ቦታ የለንም። ራስ የለውም፣ ትከሻና ደረት ብቻ ነው። ቀበቶው በደረቱ ላይ ያልፋል። ያ የሚያብረቀርቀው መስመር የቱ ጋ እንዳረፈ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ልብ ላይ ነው።

አንሶላ አለበስኩት። የባሰ ሆነ። አንሶላ የለበሰ ሰው ሆነ።

ጠዋት ተርትሬ ልጥለው ብዬ መቀስ አንስቼ ነበር። ከጣልኩት ግን ሹፌሩ አለቀለት ማለት ነው። እስካለ ድረስ ገና ምንም አልሆነም፣ ነገ መናገር እችላለሁ። ይሄን «ነገ» ዘጠኝ ቀን በልቼዋለሁ።

ሌላም እላለሁ፤ ጠበቃ አለው። ሌላ ማስረጃ አያጡም። ሰውየው እንደሆን ሞቷል፤ ቀበቶ አይመልሰውም። ጋሽ ቁልፍ ሽማግሌ ናቸው፣ የኔ ነገር ይገድላቸዋል። ሁሉም እውነት ይመስላል።

ረቡዕ፣ 10 ቀን

አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች።

«የዛ ታክሲ ነጂ ነገር ፍርድ ቤት ቀርቧል አሉ።»

«ቀበቶ ቆርጦ የጣለው? እንዲህ ዓይነቱን ማሰር አይበቃም። ለሱ ሰው ሻንጣ ነው።»

«ልጆች አሉት ይባላል።»

«የሟቹም አሉት።»

ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩና ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ዞር ብዬ «ነበረው! ቀበቶ ነበረው!» ልላቸው እችል ነበር። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ምን ያደርጉኛል? እነሱን ከፈራሁ ማንን ልደፍር ነው?

ሐሙስ፣ 9 ቀን

እንቅልፍ የለም። አክስቴ «ከስተሻል» ትላለች። ትርኢቱ ነው እላታለሁ።

ሰኞ፣ 5 ቀን

ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ አንሶላውን ገፍፋ ካፖርቱ ፊት ተቀምጣለች። መነጽሯን አድርጋለች። መቀስ ሳይሆን የስፌት መተርተሪያዋን ይዛለች፣ ያችን ትንሿን።

«ቁጭ በይ» አለች።

ቁጭ አልኩ።

«ዛሬ ልብስ ልታስጠብብ የመጣች ሴት ናት ያወራችኝ። ስለ አንድ ታክሲ። የጎደለው ቀበቶ ቀለሙ ምን እንደነበር ሳይቀር ነገረችኝ፤ ወሬው በሰፈሩ ሞልቷል።» ወይን ጠጁን አልነካችውም። በጣቷ ብቻ አመለከተችኝ። «እኔ አልጠይቅሽም። የጠየቅኩሽ ቀን የመለስሽልኝን አስታውሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንቺ ትተረትሪዋለሽ ወይስ እኔ ልተርትርልሽ?»

አለቀስኩ። አላባበለችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አክስቴ፣ ያስሩኛል።»

«ሊያስሩሽ ይችላሉ።»

«አልመረቅም።»

«አትመረቂም ይሆናል።»

«ጋሽ ቁልፍስ? እሳቸው ምን አደረጉ?»

እዚህ ላይ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች። ከዛ «እሱን መጀመሪያ ለሳቸው ንገሪያቸው» አለች። «ከፖሊስ አፍ እንዳይሰሙት። ሌላው ሁሉ ፍርሃት ነው፤ ይሄ ግን ዕዳ ነው።»

መተርተሪያውን ተቀበልኳት። ድርብ ስፌት ነው፣ አጥብቄ ነው የሰፋሁት፣ በየሁለት ጣቱ ኋላ እየመለስኩ። ደረቱን እኔ ተረተርኩ፣ ኮሌታውን እሷ። ከትከሻው በኩል ያጠፍኩት ጫፍ ሲፈታ ሰያፍ አቆራረጡ ብቅ አለ። ምንም አልተነካም። ሲለይ ካፖርቱ መሀሉ ተከፍቶ እንደ አሮጌ ጆንያ ተንጠለጠለ። መምህሯ እውነቷን ነበር።

ማክሰኞ፣ 4 ቀን

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግቢው በር ላይ ነበርኩ። ጋሽ ቁልፍ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። ቀበቶውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁት።

አዩት። ከዛ ነጩን ታክሲ አዩ። ከዛ እኔን።

«ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ፊት ለፊቴ ቆመሽ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ቁልፋቸውን ከወገባቸው ፈቱና እጃቸው ላይ ትንሽ መዘኑት። ይመቱኛል ብዬ ነበር። «እኔ የፈረምኩት ላንቺ ብዬ አይደለም» አሉ። «ላንቺ ብዬ መስሎኝ ነበር። ለጡረታዬ ነው። ሂጂ እንግዲህ። ሂጂ፣ ከነገርሻቸው በኋላ እኔ ራሴ እመጣለሁ።» ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዘብ ቤታቸው ገቡ።

ፖሊስ ጣቢያ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ከኔ ብዙ አይበልጥም። መጀመሪያ አላመነኝም። ቀበቶውን ሲያይ ግን ስልክ ደወለ። አብረን ወደ ግቢው ተመለስን። ጓንት ያደረገው ሰውዬ ከምሰሶው ውስጥ ቁራጩን በጉጠት ሳበና የኔን ሰያፍ ጫፍ አጠገቡ አስቀመጠው። ክር ለክር ገጠሙ። ጥፋቴ መሆኑን ረስቼ፣ አቆራረጤ በመግጠሙ ብቻ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ስፌት የሚያውቅ ሰው ይሄን ይረዳልኛል። ወዲያው አፈርኩ።

ባለ ጓንቱ ያችን የምታብረቀርቅ መስመር ረጅም ጊዜ አያት። «ይሄ እንግዲህ ሰውየው ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሲወረወር የያዘው። ታስሮ ነበር።»

በአክስቴ ዋስትና ለቀቁኝ። ማስረጃ በማጥፋት እከሰስ ይሆናል አሉኝ። ደረጃውን የአክስቴን ክንድ ይዤ ነው የወረድኩት።

ቅዳሜ፣ የትርኢቱ ቀን

መምህሯ ሁሉንም ሰምታለች። «የተከፈተ ካፖርት አላሳይም፣ ያንቺን ታሪክም መድረክ ላይ አላወጣም» አለች። ከዓመት በኋላ እንድደግም ነው የተወሰነው። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመጨረሻው ወንበር ሆኜ አየሁ። የሚሊሜትር የእንቁላል ካርቶን ቀሚስ ትርኢቱን ከፈተ። አልዘነበም። በጣም ያምር ነበር። ከመድረክ ስትወርድ አየችኝና ወደኔ ልትመጣ ብላ፣ መሀል መንገድ ላይ ሰው አነጋገራት።

ረቡዕ፣ ከትርኢቱ በኋላ 11ኛ ቀን

ዛሬ ችሎት ነበር። ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ። ባለሙያው ቀበቶውን ዘርግቶ መስመሩን አሳየ፤ የገጠሙትን ጫፎች አሳየ። ጋሽ ቁልፍ ቆመው «ልጅቱን ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም ሐሰት ነው» አሉ። ወደኔ አልዞሩም። ከሥራ ታግደዋል።

ዳኛው ቀበቶ የለውም የሚለውን ክስ ሰረዙት። የቀረውን የግጭቱን ጉዳይ ውጪ ሆኖ ይከታተል ብለው ሹፌሩን በዋስ ለቀቁት።

ኮሪደሩ ላይ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሹፌሩ ወደኔ መጣ። ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች። አጥሩ ጋ ያገኘቻት ልጅ እኔ መሆኔን ስታውቅ ዐይኗን ከላዬ አነሳች።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። ይቅር—»

«ቆይ» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ቁጣ ጠብቄ ስለነበር ያ ድምፅ ይበልጥ አስፈራኝ። «ያን ሰውዬ እኔ ነኝ ያሰርኩት። ወፍራም ስለነበረ አልደርስ ብሎት፣ ተንጠራርቼ ቀጭ አደረግኩለት። ‹ሚስቴ ምግብ ቀንስ ያለችኝ ለዚህ ነው› ብሎኝ ተሳሳቅን። ግን ቀን በቀን ‹ቀበቶ አልነበረም፣ ቀበቶ አልነበረም› ሲሉኝ... አንቺ ፖሊስ ጋ ከመሄድሽ በፊት በነበረው ቀን ለጠበቃዬ ‹ምናልባት አላሰርኩትም ይሆናል› አልኩት። ፈርቼ አይደለም። አምኜ ነው። የተሳሳቅነውን ሳቅ ያለምኩት መሰለኝ።»

ሚስቱ ክንዱን ሳብ አደረገችው።

«ይሄን እንድታውቂው ብቻ ነው» አለና ከሚስቱ ጋር ደረጃውን ወረደ።

እስር ፈርቻለሁ። አለመመረቅን ፈርቻለሁ። የጋሽ ቁልፍን ፊት ፈርቻለሁ። የመኪና ድምፅ፣ የበር ድምፅ፣ አንሶላ የለበሰ ማኒኪን ፈርቻለሁ። አንድ ሰው የገዛ እጁን እንዳያምን እያደረግኩ መሆኔን ግን አንድም ቀን አልፈራሁም።

ከዛ በቀጥታ ጋሽ ቁልፍ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ናቸው የከፈቱልኝ፤ ቀጭን አሮጊት፣ እጃቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው አወቁ።

«ተኝቷል» አሉኝ።

ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል፤ ወንበር ሲጎትቱም ይሰማኛል።

«እሺ፣ እማማ። ነገ እመጣለሁ።»

«ነገም ይተኛል» አሉኝ። በሩን ግን ቶሎ አልዘጉትም።